የአርብ ፈረሰኞች

ሕሊና ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ጂዛን አጠገብ ወዳለችው ዳማድ ከገባች አሥራ አራት ወር ሆኗት ነበር። በእነዚያ ወራት አማርኛ የሰማችው በስልክ ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ በወር አንድ ጊዜ ስልክ ትሰጣትና አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካሉት እናቷ ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር ለሩብ ሰዓት ታወራለች። ከዚያ በኋላ አንደበቷ ሌላ ወር ሙሉ ዐረብኛ ብቻ ይናገራል።

ሥራዋ ሐጃን መንከባከብ ነበር። ሐጃ የቤቱ ጌታ የባባ እናት ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ስኳር ያለባቸው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ግን ቤት ውስጥ መዋልን እንደ እስር የሚቆጥሩ ሴት። ጥላው ሲረዝም ከግቢያቸው የጃስሚን አበባ ይለቅሙና በነጠላ ጨርቅ ቋጥረው፣ ሸለቆው ማዶ ለምትኖረው እህታቸው ይወስዳሉ። ባባ ውሎው ጂዛን ወደቡ ላይ ስለሆነ በመኪና የሚያደርሳቸው አልነበረም። ቢኖርም አይወዱም። ከመንደሩ ጀርባ ተነስቶ፣ በማሽላው እርሻዎች መሐል አልፎ፣ ሸለቆውን የሚሻገረው የእግር መንገድ ለሳቸው ይበቃቸው ነበር።

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. አንድ አርብ፣ ሁለቱ ሴቶች ያንን መንገድ ተዘግቶ አገኙት። ነፋስ የጣለው ግራር ተጋድሞበታል። ከግራሩ ወዲያ ጥቂት ፈረሰኞች ወርደው በመጋዝና በመጥረቢያ ቅርንጫፉን ይቆርጣሉ። አንድ ወጣት ነጭ ባዝራ ይዞ ቆሟል። ባዝራዋ የሐጃን ምርኩዝ አይታ ደነበረችና ኋላዋን ማዞር ጀመረች።

«አይዞሽ እሜቴ» አላት ወጣቱ አንገቷን እየዳሰሰ። «ሰው ነው፣ ምንም አይደል።»

ሕሊና ባለችበት ቀረች። ከአፏ የወጣውን ያወቀችው ከወጣ በኋላ ነው። «አንተ፣ ሀበሻ ነህ እንዴ?»

ወጣቱ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ቃኘ፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው አመል ነው። ከዚያ በጥቁሩ መሸፈኛ መሐል ፊቷን አየና ዐይኑን ሳይነቅል ቀረ።

«እኔን ነው ወይስ ፈረሷን ነው የጠየቅሽው?»

«ፈረሷንማ አንተ እያናገርካት ነው።»

ሳቁን ዋጠ። ሙሉጌታ እንደሚባል ነገራት። የደላንታ ልጅ ነው፣ የወሎ ደጋ፤ ሰው ገበያም፣ ሠርግም፣ ለቅሶም በፈረስ የሚሄድበት አገር። ከሦስት ዓመት በፊት በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ ገባ። አሁን ኡስታዝ አብዱሰላም ለሚባሉ ጡረተኛ መምህር ፈረሶቻቸውን ይጠብቃል።

«ለመሆኑ ዛሬ በእኛ ስንት ነው?» አለችው። ስትፈራው የኖረችው ጥያቄ ነበር።

«ሚያዝያ አሥራ ስምንት። ከነገ ወዲያ ሆሳዕና ነው።»

ሕሊና በግምት ስትጾም ከርማ ሆሳዕና ደጇ መድረሱን አላወቀችም ነበር። ዕንባዋ ሲመጣ ፊቷን አዞረች፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ሆኖ የባዝራዋን ልጓም ማስተካከል ጀመረ። ያ አለማየቱ ልቧን ነካው።

«ምን አለሽ?» አሉ ሐጃ በዐረብኛ።

«ስለ ፈረሷ ነው የሚነግረኝ፣ ሐጃ።»

«ለፈረስ የሚለቀስ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው፣ ግራሩ በተቆረጠበት በኩል አለፉ።

ኡስታዝ አብዱሰላምና ጓደኞቻቸው በየአርቡ ፀሐይ ሲበርድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በፈረስ ይወጣሉ። ከሙሉጌታ ጋር ዘጠኝ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ጡረታ የወጣ የድንበር ጠባቂ አለ፣ ጭነት መኪና የሚነዳ አለ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። የወደቀ ዛፍ ያነሳሉ፣ ጎርፍ የቦረቦረውን በድንጋይ ይሞላሉ፣ መንገደኛ እንዳይስት ከዳር ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ይቀባሉ። መንገዱን እረኛውም፣ ተማሪውም፣ ሴቶቹም ይሄዱበታል፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የሁሉም ነው። ኡስታዝ፣ «መንገድ የሚሞተው ሰው ሲተወው ነው» ይላሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕሊና ከሳምንቱ ቀናት አርብን ለየች። አርብ ሲደርስ ሐጃ አበባቸውን ለመልቀም ይቸኩላሉ፤ መንገድ ላይ ፈረሰኞቹ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ድንገት ይደክማቸውና ድንጋይ ላይ አረፍ ይላሉ። በአገሩ ወግ ሴት ሠራተኛ ከወንድ ጋር ቆማ ማውራት ለሁለቱም አደጋ ነው። አሮጊቷ አጠገብ ካሉ ግን ማንም ምንም አይልም። ሙሉጌታ ድንጋይ እየደረደረ፣ ቀና ሳይል፣ የሳምንቱን በዓል ይነግራታል።

«ሐሙስ ልደታ ናት።»

«አመሰግናለሁ።»

«ቀጥሎ ያለውን በዓል በሚመጣው አርብ ነው የምነግርሽ። ሁሉንም ዛሬ ከነገርኩሽማ ለምን ትመጫለሽ?»

«እኔ እኮ የምመጣው ሐጃን ይዤ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። እኔም የምመጣው ድንጋይ ለመደርደር ነው።»

 ሐጃ ዐይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይላሉ።

በሐምሌ ረመዳን ገባና ፈረሰኞቹ ወር ሙሉ አልወጡም። በዚያ ወር መንደርተኛው ቀን ቀን ቤቱ ሲተኛ፣ ከመንገዱ ዳር እርሻ የገዛ ሙሳ የሚባል የመኪና ነጋዴ መንገዱን ከእርሻው ጋር ደርቦ በሽቦ አጠረው። ከኢድ በኋላ ሐጃ አበባቸውን ቋጥረው ሲሄዱ ሽቦው ደረታቸው ላይ ገታቸው። እጃቸውን ሽቦው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ሙሽራ ሆኜ የመጣሁት በዚህ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ከፈረሰኞቹ ሁለቱ ሽቦውን ቆርጠን እንለፍ አሉ። ኡስታዝ ከለከሉ። «ዛሬ ብንቆርጠው ነገ ሌቦች እንባላለን። ሽማግሌዎች ይመስክሩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይፍረድ።» ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ሐጃም ጣታቸውን ሊያትሙ ፈልገው ነበር። ባባ ግን አሻፈረኝ አለ፤ ሙሳ ጎረቤቱ ነው፣ ጠብ አይፈልግም። «ኸላስ፣ በቃ እናቴ። በመኪና ትሄጃለሽ።»

ሐጃ በመኪና አልሄዱም። ሕሊናን ይዘው በሽቦው ሥር ወደ ሸለቆው ሆድ ወረዱ፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየተረገጠ የሚታለፍበት ደረቅ አሸዋ ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄዱ። በነሐሴ አጋማሽ፣ በአርብ ቀን፣ ሐጃን አንድ ድንጋይ ከዳቸውና በጎናቸው ወደቁ። ሕሊና ልታነሳቸው ስትሞክር የጮኹት ጩኸት አጥንት መሰበሩን ነገራት።

በላያቸው ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በምሥራቅ በኩል ግን ተራሮቹ ጠቁረዋል። ከዚያ ከላይ፣ ከሩቅ፣ ጭነት መኪና ዳገት እንደሚወጣ ያለ ድምፅ መጣ። ሕሊና ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሐጃ አወቁት።

«ልጄ፣ ጎርፍ ነው። እኔን ተዪኝና ውጪ።»

«አልተውዎትም።»

«ስሚኝ፤ ወጣት ነሽ፣ እናት አለሽ።»

ሕሊና ሐጃን በብብታቸው ይዛ በአሸዋው ላይ ጎተተች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ያን ጊዜ ነው እስከዚያ ቀን በስሙ ጠርታው የማታውቀውን ሰው በሙሉ ድምፅዋ የጠራችው።

«ሙሉጌታ! ሙሉጌታ!»

ፈረሰኞቹ ከላይ፣ ከሽቦው ጋር የሚነካካውን የመንገድ ቁራጭ ሲጠግኑ ነበር። ድምፅዋን የለየው እሱ ነው። ባዝራዋን ከገደሉ አፋፍ አቁሞ፣ በእጁም በእግሩም ቁልቁል ተንሸራቶ ወረደ። ከኋላው ሌሎቹ ወረዱ። አንዱ ከፈረሱ ጀርባ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ሰፊ ጨርቅ ገፎ አመጣ፣ ሐጃን አስተኟቸው፣ አራቱ አራቱን ጫፍ ያዙ። ሙሉጌታ ከእግር በኩል ሆኖ በትከሻው እየደገፈ ወደ ላይ ገፋ። ሕሊና የሐጃን ራስ ይዛ በጉልበቷ ወጣች።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሽቦው ፊታቸውን ዘግቶ ቆሟል። ኡስታዝ አብዱሰላም ጉልበታቸው ስለማይታዘዝ አልወረዱም ነበር፤ ከኮርቻው ከረጢት የሽቦ መቁረጫ አውጥተው፣ ያንኑ እንዳይቆረጥ የከለከሉትን ሽቦ፣ አንድ በአንድ ይቆርጣሉ። እጃቸው ደምቷል። የመጨረሻዋ ሲበጠስ ሁሉም ተደጋግፈው አለፉ። ዞር ብለው ሲያዩ ጭቃማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ እነሱ የነበሩበትን አሸዋ አልፎ ሄዷል።

ሕሊና መሬት ላይ ተቀመጠች።  ሙሉጌታ አጠገቧ ተንበርክኮ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጭቃ ያልነካው የፊቱ ክፍል አልነበረም።

«ስሜን ታውቂው ኖሯል» አላት።

ልትመልስለት ፈልጋ ማልቀስ መጣባት፤ እሱም ይህን ጊዜ ፊቱን አላዞረም።

ሐጃ ጂዛን ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኙ። ሕሊና ከአልጋቸው ሥር አልተለየችም። ባባ የእናቱን እጅ ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ ከተቀመጠ በኋላ፣ ኡስታዝ ዘንድ ራሱ ሄዶ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ሐጃም ተኝተው ሳለ ጣታቸውን አተሙ። ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን የሚያዩ ሰዎች ሾመ።

በመስከረም ሐጃ ቤታቸው ሲመለሱ በብረት መደገፊያ እንጂ በምርኩዝ መሄድ አልቻሉም፤ ያለ ሰውም ከአልጋ አይነሱም። በጥቅምት አጋማሽ አንድ ነገር አዘዙ፤ ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ እስከ ጃስሚኑ ድረስ፣ መደገፊያው የማይሰናከልበት ለስላሳ መንገድ ይሠራልኝ አሉ። ባባ ሠራተኛ ላምጣ ሲል፣ «መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። ኡስታዝ ዘንድ ያለውን የሀበሻ ልጅ ጥሩልኝ» አሉት።

ሙሉጌታ ሁለት ቀን መሬቱን ሲደለድል ዋለ። ሐጃ በረንዳ ላይ ወንበራቸው ላይ፣ ሕሊና ከእግራቸው ሥር። በሁለተኛው ቀን ሥራው ሊያልቅ ሲል አካፋውን አቆመና ቀና ብሎ እያያት ተናገረ።

«መንግሥት ወረቀት ለሌለው የሰጠው የምሕረት ቀን ሊያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ፖሊሱ ቤት ለቤት ያስሳል አሉ። ኡስታዝ ወረቀት ሊያወጡልኝ ያልረገጡት ቢሮ የለም። በባሕር የገባ ሰው አይመለከተውም አሏቸው። እኔ ከተገኘሁ እሳቸውም ይታሰራሉ።»

«እና?»

«እና ነገ ጠዋት ጂዛን ወስደው ወደ አገር ቤት ለሚመልሱት ሰዎች ያስረክቡኛል። እኔ ነኝ የለመንኳቸው።»

ሕሊና እጆቿን አየች። ሙሉጌታ የሚናገረው ገና እንዳላለቀ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ይቺን አገር የምረግማት ይመስለኝ ነበር» አለ። «በባሕሩም፣ በበረሃውም ያየሁትን አይቼ። አሁን ግን መርገሙ እምቢ አለኝ። አንቺን ያገኘሁባት ናት። አርብን ስጠብቅ ሦስት ዓመት የረሳሁትን ደስታ አስታወስሽኝ። እወድሻለሁ፣ ሕሊና። ሳልነግርሽ ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል።»

«ምን አለሽ?» አሉ ሐጃ።

ሕሊና ይህን ጊዜ ስለ ፈረሷ አላለችም። ሁሉንም፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ወደ ዐረብኛ መለሰችላቸው። 

 «አንቺም ሂጂ» አሉ ሐጃ። «ልጄን እኔ አናግረዋለሁ። ፓስፖርትሽን ይሰጥሻል።»

ሕሊና አሮጊቷን አየች። ማን ከአልጋ ያነሳቸዋል? መርፌያቸውን ማን ይወጋቸዋል? ማዳም የራሷ አራት ልጆች አሏት። እኚህ ሴት ጎርፍ ሲመጣ «ተዪኝ» ያሏት ናቸው፤ ዛሬም ያንኑ ደገሙላት።

«በእግርዎ ቆመው ሳላይ አልሄድም» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ሙሉጌታ ዞረች። «ሰማህ አይደል? እኔም እወድሃለሁ። ግን እሳቸውን እንዲህ ጥዬ ብመጣ አንተም የምትወዳት ሴት አልሆንም። ትጠብቀኛለህ?»

«እኔማ እጠብቃለሁ። አንቺ ግን አስቢበት። ባዶ እጄን ነው የምገባው። ያለኝ ልብሴ ብቻ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

የእናቷን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ወረቀቱን ሲቀበል ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት የኡስታዝ መኪና በበሩ ሲያልፍ ጡሩምባውን አንዴ አሰማ። ሕሊና ከማዕድ ቤት አልወጣችም። መውጣት አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በዚያ ኅዳር ሀበሻ በየመንገዱ ተለቀመ። ባባ የሰማውን ከጂዛን እያመጣ ያወራል፤ ሕሊና ሳህን እያጠበች ታዳምጣለች። በኅዳር ስልክ ስታገኝ እናቷን፣ «የደወለልሽ ሰው አለ?» አለቻቸው። የለም። በታኅሣሥም የለም። ሙሉጌታ ወይ አንድ ነገር ሆኗል፣ ወይ ረስቷታል፤ የትኛው እንደሚሻል አታውቅም ነበር። ሌት ተቀን ስትጸልይ አንደኛው ይሁን ብላ መምረጥ ጀመረች፤ ይርሳኝ፣ ግን ይኑር።

በጥር ወይዘሮ ትርንጎ ሌላ ነገር ነገሯት።

«አንድ ልጅ በየሳምንቱ ይደውላል። አርብ አርብ። ‹ልጅዎ ጤና ናት ወይ?› ይላል፤ ጤና ናት ስለው አመስግኖ ይዘጋል። ስሙን ብጠይቀው አይነግረኝም። ምንድን ነው ነገሩ፣ ሕሊና?»

ሕሊና የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ተደገፈች። ሩብ ሰዓቷን ሙሉ ተናገረች፤ ከግራሩ እስከ ጎርፉ፣ ከጎርፉ እስከ ወረቀቱ። እናቷ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ባዶ እጁን ነው የተመለሰው?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«አዎ፣ እማዬ። አፍሮ ነው ስሙን የማይነግርሽ።»

«ፈረስ ጠባቂ።»

«አዎ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ተነፈሱ። «እኔ አንቺን የላክሁሽ ነገሽ እንዲቃና ነው፤ እንደገና ከዜሮ እንድትጀምሪ አይደለም» አሉ። መስመሩ ተቋረጠ።

በየካቲት የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ወሰኑ፤ መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ሽቦው ይነሳ። ሙሳ ራሱ ሰው አምጥቶ ነቀለው። በዚያው ሳምንት አርብ ሐጃ መደገፊያውን ትተው ምርኩዛቸውን ጠየቁ። ሕሊና ክንዳቸውን ይዛ፣ ፈረሰኞቹ ከፊትም ከኋላም በእግራቸው ፈረሶቻቸውን እየሳቡ፣ ሸለቆውን ተሻገሩ። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። እህትየው ደጃፍ ላይ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ኡስታዝ ፈረሳቸውን እያሻሹ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ።

ማታውን ሐጃ ልጃቸውን ጠርተው የሕሊናን ፓስፖርት አስመጡ። ባባ የመውጫውን ወረቀትና ቲኬቱን ራሱ እንደሚጨርስ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በመጨረሻው ጠዋት ሐጃ በሕሊና ሻሽ ላይ የጃስሚን ጉንጉን አሰሩላት።

«እኔ የወለድኳቸው በጎርፍ መሐል ይተዉኝ አይተዉኝ አላውቅም» አሏት። «አንቺን ግን አውቃለሁ። አላህ የልብሽን ይሙላልሽ።»

ሕሊና እግራቸው ላይ ወድቃ ጉልበታቸውን ሳመች።

ለእናቷ የበረራዋን ቀን ስትነግር፣ «ያ ልጅ አርብ ሲደውል ንገሪልኝ» ብላቸው ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ እሺም እምቢም አላሉም። ስለዚህ ቦሌ ስትወርድ ልቧ ተከፍሎ ነው የወረደችው። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በተጠባቂው ሕዝብ መሐል ነጠላ ያጣፉትን እናቷን አየች። ብቻቸውን ናቸው። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እናቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠጉራቸው ነጥቷል። ሕሊና በትከሻቸው ላይ ሆና ሕዝቡን ቃኘች፤ የምትፈልገው ፊት የለም። መጠየቅ ፈራች።

«ሄዶ እዚያ ምሰሶ ጋ ቆመ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ከደላንታ ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቶ፣ ቤተሰብ ይቅደም ብሎ ጥግ ይይዛል። አርብ ስነግረው ስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ሙሉጌታ ምሰሶው ሥር ቆሟል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከስቷል፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ ፈካ ብሏል። ዐይን ለዐይን ሲገናኙ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ያ ሁሉ ወር መሐላቸው ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያለፈ መሰላቸው።

ወይዘሮ ትርንጎ ልጃቸውን ለቀቁና ወደ እሱ ሄዱ። ሙሉጌታ እጅ ሊነሳቸው ጎንበስ አለ።

«ልጄን ከጎርፍ ያወጣሃት አንተ ነህ?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እማማ» አለ ቀና ሳይል። «ዘጠኝ ነበርን።»

ወይዘሮ ትርንጎ ጥቂት አዩት። ከዚያ በሁለት እጃቸው አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳሙት።

«ለስምንቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «አንተ ግን ና፣ ሻንጣዋን ያዝላት። ወደ ቤታችን እንሂድ።»